የፒስተን ፋሻ ክፍተት፦ የባለ ሁለት ምት ሞቶክሮስ ሞተር ሲታደስ ለምንና እንዴት ይለካል?

የባለ ሁለት ምት ሞቶክሮስ (በወጣ ገባ የአፈር ሜዳ ላይ የሚወዳደር ሞተር ብስክሌት) ሞተር ተፈትቶ አዲስ ፒስተንና አዲስ ፋሻ ሲገባለት በብዛት የሚዘለል አንድ ሥራ አለ። ይኸውም ፋሻው ወይም ሪንጉ ፒስተኑ ላይ ከመግባቱ በፊት ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ፣ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት የሚለካበት ሥራ ነው። የሚዘለልበትን ምክንያት መረዳት አያስቸግርም፤ ፋሻው አዲስ ነው፣ ፋብሪካው ልኩን ጠብቆ ሠርቶታል፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥርም ከሞተሩ ጋር ይገጥማል። ሆኖም ይህ ልኬት የሚፈትሸው ፋሻውን ብቻ ሳይሆን ፋሻው የሚሠራበትን ሲሊንደር ጭምር ነው። በአግባቡ ከተለካና ከተነበበ ሲሊንደሩ የት ቦታ፣ ምን ያህል እንደተበላ ስለሚያሳይ፣ ሞተር ከመገጠሙ በፊት ከሚደረጉት ፍተሻዎች ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚያስረዳው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፋሻ በፒስተኑ አናት አጠገብ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ የሚቀመጥ፣ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ የብረት ቀለበት ነው። ከሲሊንደሩ ውጭ ሲሆን ጫፎቹ ሰፋ ብለው ተራርቀው ይታያሉ፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲገባ ግን ተጨምቆ ጫፎቹ ይቀራረባሉ፣ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ሲታገልም ግድግዳውን ይገፋል። ነዳጁ ሲቃጠል ደግሞ ከላይ የሚመጣው ጋዝ በፋሻው ጀርባ ገብቶ ይበልጥ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። በዚህ ሁኔታ ግፊቱ ወደ ታች እንዳያመልጥ ይከላከላል፤ የፒስተኑንም ሙቀት ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ያሻግራል። ሁለተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ ቢዘነጋም ከመጀመሪያው የሚያንስ አይደለም፤ ፋሻው ከግድግዳው ጋር በደንብ ካልተገናኘ ፒስተኑ ሙቀቱን የሚያራግፍበት ዋና መንገድ ይጠብበታል።

በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ነገሩን ከባድ የሚያደርገው፣ በአናቱ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ስለሌለው ጋዙ የሚገባውና የሚወጣው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ በተከፈቱ መስኮቶች በኩል መሆኑ ነው። ፋሻው ወደ ላይና ወደ ታች በተመላለሰ ቁጥር እነዚህን መስኮቶች ያቋርጣል። ጫፎቹ እንደ ልባቸው ቢዞሩ ኖሮ አንድ ቀን አንደኛው ጫፍ የጭስ መውጫው መስኮት ውስጥ ተንጋድዶ በጠርዙ ላይ ይሰበር ነበር። ይህ እንዳይሆን በፒስተኑ ቦይ ውስጥ ትንሽ ፒን ተተክላለች፤ የፋሻው ጫፎችም ፒኗን ዙሪያዋን እንዲያቅፉ ትንሽ ተቦርቡረው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ ፋሻው በቦዩ ውስጥ ሊዞር ሲችል፣ እዚህ ግን ክፍተቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። ይህች ፒን በኋላ ስለ መሞረድ ስንነጋገር ትመለሳለች።

ክፍተቱ የተተወው ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐይ ሲበረታበት የሚንጣጣው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ በሞተር ውስጥ ግን የሙቀቱ መጠን እጅግ ይበልጣል፤ ለመርዘም ያለው ቦታም እጅግ ይጠባል። ነገሩን በቁጥር ለማየት ያማሃ ዋይዜድ 250 የተባለውን የሞቶክሮስ ሞተር ብስክሌት እንውሰድ። የሲሊንደሩ ውስጠኛ ዲያሜትር 66.4 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 72 ሚሊሜትር ነው። ዲያሜትሩ በ3.14 ሲባዛ የፋሻው ዙሪያ 208.5 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። የፋሻ ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ በሚሊዮን 11.5 እጅ ያህል ይረዝማል። ለማሳያ ያህል ፋሻው ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 200 ዲግሪ ደረሰ ብንል፣ ርዝመቱ በ0.43 ሚሊሜትር ይጨምራል ማለት ነው። ሲሊንደሩ ባይሞቅ ኖሮ ይህ ብቻውን ብዙውን ክፍተት ይዘጋው ነበር።

ደግነቱ ሲሊንደሩም ይሞቃል። የዘመናዊ ሞቶክሮስ ሲሊንደር ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ በሚሊዮን 21 እጅ ያህል ይሰፋል፤ ግድግዳው 100 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ዙሪያው በ0.35 ሚሊሜትር ያድጋል። ሞተሩ በሚገባ ሞቆ በተረጋጋ ጊዜ ክፍተቱ የሚጠበው እንግዲህ በልዩነቱ፣ ማለትም በ0.08 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። አደጋው ያለው ሁለቱ እኩል ባልሞቁበት ሰዓት ነው። ሞተሩ እንደተነሣ ወዲያውኑ ጋዝ ቢሰጠውና ፋሻው በፍጥነት 150 ዲግሪ ቢደርስ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተከበበው ሲሊንደር ግን ገና 40 ዲግሪ ላይ ቢሆን፣ ፋሻው በ0.31 ሲረዝም ሲሊንደሩ የሚሰፋው በ0.09 ብቻ ስለሆነ ክፍተቱ በ0.22 ሚሊሜትር ይጠባል። በመካኒኮች ዘንድ የታወቀው ግምታዊ ሕግ፣ ማለትም የሲሊንደሩን ዲያሜትር በ0.004 አባዝቶ ዝቅተኛውን ክፍተት ማግኘት፣ ለ66.4 ሚሊሜትር 0.27፣ 54 ሚሊሜትር ለሆነው የ125 ሞተር ደግሞ 0.22 ሚሊሜትር ይሰጣል። ቁጥሩ ከላይ ካየነው የከፋ ሁኔታ ጥቂት ከፍ ማለቱ ሕጉ ያለ ምክንያት እንዳልተቀመጠ ያሳያል። በአሉሚኒየሙ ውስጥ የብረት ቱቦ የገባባቸው የቆዩ ሲሊንደሮች ግን የአሉሚኒየሙን ያህል ስለማይሰፉ፣ ሞተሩ ሞቆ በተረጋጋ ጊዜም ክፍተቱ ይበልጥ እንደሚጠብ ማሰብ ያስፈልጋል። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ወይም የፒስተኑ አምራች የሰጠው ቁጥር ካለ ከግምታዊው ሕግ ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜም ከዚህ ሰፋ ያለ ነው።

ክፍተቱ ሲጠብና ሲሰፋ የሚደርሰው ጉዳት እኩል አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህንን እንዲያስታውስ እመኛለሁ። ክፍተቱ ጠብቦ ጫፎቹ ሲገናኙ ፋሻው የሚረዝምበት ቦታ ስለሚያጣ ግድግዳውን በኃይል ይገፋል፤ የዘይቱን ስስ ሽፋን ጠርጎ ግድግዳውን ይፍቃል፤ በመስኮቶቹ በኩል ወደ ውጭ ይነፋል፤ ከዚያም ወይ ፋሻው ይሰበራል፣ ወይ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊፈጸም ይችላል። ክፍተቱ ከሚገባው ጥቂት ሲሰፋ ግን የሚጠፋው ትንሽ ነው። በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ያለው ቦታ 0.10 ሚሊሜትር ነው ብንል፣ 0.40 የሆነ ክፍተት 0.04 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ማምለጫ ይሰጣል፤ 0.60 ሲሆን ማምለጫው 0.06 ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 9,000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር የሚፈጀው ከሰባት ሺኛ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ በዚህች ቀዳዳ ብዙ ጋዝ ለማምለጥ ጊዜ አያገኝም። ክፍተቱ ከልክ በላይ ሲሰፋ ጉዳቱ መጀመሪያ የሚታየው ሞተሩ በዝግታ በሚዞርበት ጊዜ የሆነውም ስለዚህ ነው፤ በእግር ሲመታ እምቢ ማለት ይጀምራል፣ ከታች ሲጎተትም አቅም ያንሰዋል። ያመለጠው የተቃጠለ ጋዝ ከታች የሚጠብቀውን አዲስ የነዳጅ፣ የአየርና የዘይት ቅልቅል ያቆሽሻል፤ በፒስተኑ ጎን ላይ ከፋሻው በታች ቡናማ የተቃጠለ ዘይት ምልክት ትቶ ያልፋል። ስለዚህ በሁለት ቁጥሮች መካከል የሚያመነታ ሰው ወደ ሰፊው ቢያደላ ይሻላል።

ወደ ልኬቱ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ሲሊንደሩ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ስስ ዘይት ከተቀባ በኋላ መቀዝቀዝ አለበት። ከታጠበ በኋላ ገና ትኩስ ሆኖ፣ ከክፍሉ ሙቀት በ30 ዲግሪ ብቻ ቢበልጥ፣ ዙሪያው 0.13 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሰፋ ከማሸጊያው አሁን የወጣው ቀዝቃዛ ፋሻ ከእውነተኛው የሰፋ ክፍተት ያሳያል። ጠባቡን ሰፊ አስመስሎ የሚያሳይ ስሕተት ደግሞ ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ሲሊንደሩና ፋሻው አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት አብረው ቢቆዩ ችግሩ ይወገዳል።

ቀጥሎ ፋሻው በጣት ተጨምቆ ከሲሊንደሩ አፍ ይገባል። ከዚያም ፋሻ ያልገባለት ባዶ ፒስተን ተገልብጦ በአናቱ ፋሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ይህ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም፤ የፒስተኑ አናት ፋሻውን በሁሉም በኩል እኩል ጥልቀት ላይ ያስቀምጠዋል። ፋሻው ቢያዘነብል የሚቀመጠው በክብ ሳይሆን በሞላላ መስመር ላይ ነው፤ ሞላላው ከክቡ ስለሚረዝም ጫፎቹ ይራራቃሉ፣ ክፍተቱም ሰፊ ይመስላል። አሁንም ስሕተቱ ወደ አደገኛው ወገን ነው። ፒስተኑ አናቱ ጉልላት ስለሆነ ቀጥ ብሎ መግፋቱን የሚጠራጠር ሰው፣ ከሲሊንደሩ አፍ እስከ ፋሻው ያለውን ጥልቀት በካሊፐር (ተንሸራታች መለኪያ) ጭራ ሦስት ቦታ ላይ ለክቶ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ክፍተቱን የምንለካበት ፊለር ጌጅ ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ስብስብ ነው። በቀጭኑ ተጀምሮ ወደ ወፍራሙ ይኬዳል፤ ትክክለኛው ቅጠል ሲገባም ሲወጣም በጣት የሚሰማ ቀላል መያዝ ያለው፣ ቀጣዩ ደግሞ ሳይገፋ የማይገባው ነው። ቅጠሉ በኃይል ከተገፋ የፋሻውን ጫፍ አንሥቶ ያዘነብለዋል፤ የሚነበበው ቁጥርም ዋጋ ያጣል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ጫፎቹ ለፒኗ የተቦረቦሩ ስለሆኑ ቅጠሉ በተቦረቦረው ውስጥ ከገባ ክፍተቱ ሚሊሜትሮች ያህል የሰፋ ይመስላል። የሚለካው ጫፎቹ ይበልጥ በሚቀራረቡበት፣ ቀጥ ባለው ፊታቸው መካከል ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ከሲሊንደሩ ሥር ባትሪ አብርቶ ከላይ ማየትም ይጠቅማል፤ በፋሻውና በግድግዳው መካከል የብርሃን ክር የሚታይበት ቦታ ካለ ሲሊንደሩ ክብነቱን አጥቷል ማለት ነው። ይህንን ክፍተቱ ራሱ አይናገርም፤ ክፍተት የሚነግረን የዙሪያውን አማካይ ልክ ብቻ ነው።

አሁን የልኬቱ ፍሬ ወዳለበት እንሂድ። አንድ ቦታ ብቻ መለካት ግማሽ ሥራ ነው። ሲሊንደሩ ከአፉ በታች አንድ ሴንቲሜትር ያህል ላይ፣ ከጭስ መውጫው መስኮት በላይ ባለው ጠርዝ አጠገብ፣ በመጨረሻም ከመስኮቶቹ ሁሉ በታች በእግሩ በኩል ይለካል። መስኮቶቹ ባሉበት ከፍታ ላይ ግን ፋሻው ወደ ክፍቱ ስለሚነፋ መለካት አይገባም። የታችኛው ቦታ ጥቅም ፋሻው በሥራ ላይ ሳለ እዚያ ድረስ ስለማይወርድ በፋሻ ያልተበላ መሆኑ ነው፤ እዚያ የሚገኘው ቁጥር ሲሊንደሩ ከመበላቱ በፊት የነበረውን ልክ ለማወቅ በጣም የሚቀርበው ነው። ዙሪያ የዲያሜትር 3.14 እጥፍ ስለሆነ፣ በላይኛውና በታችኛው ክፍተት መካከል ያለውን ልዩነት በ3.14 ስናካፍል የሲሊንደሩን የመበላት መጠን እናገኛለን። ለምሳሌ ከታች 0.42፣ ከጭስ መውጫው በላይ 0.55 ቢነበብ፣ ልዩነቱ 0.13 ነው፤ በ3.14 ሲካፈል ዲያሜትሩ በ0.04 ሚሊሜትር ገደማ መስፋቱን ይነግረናል። ይህ በተራ ካሊፐር የማይያዝ ቁጥር ነው። ውድ የሲሊንደር መለኪያ የሌለው ሰው በአንድ ፋሻና በጥቂት ቅጠሎች እዚህ ድረስ መድረስ መቻሉ ዘወትር ያስደስተኛል።

የተገኘው ቁጥር ከሚፈቀደው በታች ከሆነ ወደ ሞረድ ከመሮጥ በፊት ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። ሲሊንደሩ በሦስቱም ቦታ እኩል ጠባብ ከሆነ ፋሻው ለሌላ ልክ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የብረት ቱቦ ያላቸው ሲሊንደሮች ተቦርቡረው ሲሰፉ የሚገባላቸው ትልቅ ልክ ፋሻ በ0.25 ሚሊሜትር ዲያሜትር ቢበልጥ፣ ዙሪያው በ0.79 ሚሊሜትር ስለሚበልጥ በመደበኛው ሲሊንደር ውስጥ ክፍተት የሚባል ነገር አይኖረውም፤ እንዲህ ያለው ፋሻ መመለስ እንጂ መሞረድ የለበትም። አንዳንድ አምራቾች ሲሊንደርና ፒስተንን በፊደል ወይም በሮማውያን ቁጥር እየለዩ ስለሚያጣምሩ ያ ምልክት አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው። ልኩ ትክክል ሆኖ ክፍተቱ በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ብቻ ካነሰ ግን መሞረድ ተገቢ ነው።

ለመሞረድ ደቃቅ ሞረድ ሞርሳ ላይ ታስሮ የፋሻው ጫፍ በእርሱ ላይ ይሳባል። አቅጣጫው ከውጭው ፊት ወደ ውስጠኛው ብቻ ነው፤ በተቃራኒው ቢሳብ ውጭውን የሸፈነው ክሮም ሊላጥ ይችላል። ጫፉ ቀጥ ብሎ እንዲቀር ፋሻው በሁለት እጅ ተይዞ ሳይወዛወዝ ይሳባል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሳበ በኋላም ተጠርጎ ሲሊንደሩ ውስጥ ተመልሶ ይለካል። የተሞረደ ብረት አይመለስምና መቻኮል አይረዳም። ልኩ ሲደርስ በጠርዙ የቀረው ሹል ነገር በደቃቅ ድንጋይ ወይም በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ፋሻው በፒስተኑ ቦይ ውስጥ ገብቶ በእጅ ሲጨመቅ፣ የተቦረቦሩት ጫፎች ፒኗን ሳይነኳት ማቀፋቸውና ፋሻው በዙሪያው ሁሉ ከፒስተኑ ፊት ጋር እኩል እስኪሆን መግባቱ ይታያል። ጫፎቹ ፒኗ ላይ ከቆሙ በሲሊንደሩ ውስጥ የተለካው ጥሩ ክፍተት አይጠቅምም፤ ፋሻው ቦታ የሚያጣው በፒኗ ምክንያት ይሆናል።

ቁጥሩ ከሚፈቀደው በላይ ሲሆን የታችኛው ልኬት ይፈርዳል። ከታችም ከላይም ሰፊ ከሆነ ፋሻው ያነሰ ልክ ነው፤ ከታች ልክ ሆኖ ከላይ ከሰፋ የተበላው ሲሊንደሩ ነው። በዚህ ጊዜ ትልቅ ልክ ፋሻ ገዝቶ እስኪገጥም እየሞረዱ ማስገባት ያየሁት አሠራር ቢሆንም ፈጽሞ አልመክረውም። ክፍተቱ አንድ ከፍታ ላይ ቢስተካከልም የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ ጠበበና እንደ ሰፋ ይቀራል፣ ፒስተኑም መንገጫገጩን አይተውም። የብረት ቱቦ ያለው ሲሊንደር ይቦረቦራል፣ ትልቅ ልክ ፒስተንም ይገባለታል። በኒካሲል የተለበጠው ግን ሽፋኑ እጅግ ስስ ስለሆነ ለትልቅ ፒስተን ተብሎ ሊቦረቦር አይችልም፤ ሽፋኑ ተነሥቶ እንደገና መለበጥ አለበት። ኒካሲል ማህሌ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 መጀመሪያ ለቫንክል ሞተር (በሚመላለስ ፒስተን ፈንታ የሚሽከረከር ክፍል ላለው ሞተር) ያወጣው፣ በኒኬል ውስጥ የሲሊኮን ካርባይድ ቅንጣት የያዘ ጠንካራ ሽፋን ነው። በጥንካሬው የተነሣ አብዛኛውን ጊዜ ከሲሊንደሩ ይልቅ ፋሻው ቀድሞ ያልቃል።

ሲገጠም በፋሻው ላይ ያለው ነጥብ ወይም ፊደል ወደ ላይ፣ በፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጭስ መውጫው ይዞራል። ሲሊንደሩ በፒስተኑ ላይ ሲወርድ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት፤ ወደ ግራና ቀኝ ቢጠመዘዝ የፋሻው ጫፍ መስኮት ውስጥ ገብቶ ሊሰበር ይችላል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ከላይ በቁጥር የታየውን በቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ የሚሞቅ ፋሻ በማሰብ፣ የራዲያተሩ ሁለቱም ጎን በእጅ ሲዳሰስ እስኪሞቅ ድረስ ጋዝ ሳይበዛበት መቆየት ይኖርበታል።

በሦስቱ ቦታዎች የተነበቡት ቁጥሮች ከቀኑና ከሞተሩ የሥራ ሰዓት ጋር ቢጻፉ በሚቀጥለው እድሳት ሌላ ጥቅም ይሰጣሉ። ያን ጊዜ ያገለገለው ፋሻ ተጠርጎ በታችኛው፣ ባልተበላው ቦታ ሲለካ ክፍተቱ የጨመረው በሲሊንደሩ ሳይሆን በራሱ በፋሻው መበላት ብቻ ነው። ጭማሪው በ6.28 ሲካፈል ከፋሻው ውጫዊ ፊት ያለቀው ውፍረት ይገኛል፤ 0.20 ሚሊሜትር የጨመረ ክፍተት ከፋሻው ፊት 0.03 ሚሊሜትር ገደማ መበላቱን ያሳያል። አዲሱ ፋሻ ደግሞ በላይኛው ቦታ ሲለካ የሲሊንደሩን ድርሻ ለብቻው ይለያል።